ለበረዶ ወራት የግቢ መንገድ በትራክተር ላይ የሚገጠም የጨውና የአሸዋ መበተኛ እንዴት ይመረጣል?

ከቤቱ ደጃፍ እስከ ዋናው ጎዳና የሚዘልቅ የግቢ መንገድና አነስተኛ ትራክተር ያለው ሰው፣ የወረደውን በረዶ ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ መሬቱ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውን ቀጭን ግግር በአካፋ ጨው እየበተኑ መታገል ውሎ አድሮ ያሰለቸዋል። ገበያው ደግሞ አማራጭ አያጣም፤ በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ የፕላስቲክ ቋት፣ ከትራክተሩ የኃይል ማውጫ ዘንግ ጋር የሚገናኝ ሾጣጣ የብረት ቋት፣ በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት፣ የሚንቀሳቀስ ረጅም ሣጥን፣ አሸዋውን ከክምሩ ራሱ የሚዝቅ መሣሪያም አለ። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ቋቱ ምን ያህል እንደሚይዝና መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር እንደሚበትን ነው። በእኔ ግምት ግን ለግቢ መንገድ ከሁሉ ያነሰ ቦታ ሊሰጣቸው የሚገባው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። መበተኛ ጥሩ የሚባለው የተፈለገውን ቁስ፣ በተፈለገው መጠን፣ ከመንገዱ ጠርዝ ሳያሳልፍና ሳያቆራርጥ ሲያወርድ ነው፤ ስለዚህ ምርጫው ከማሽኑ ሳይሆን ከመንገዱና ከሚበተነው ቁስ መጀመር ይኖርበታል።

1. መንገዱን መለካት

ሜትር ይዘው ይውጡና የመንገዱን ርዝመትና ስፋት፣ በተለይም ከሁሉ የጠበበውን ቦታ ይመዝግቡ። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ መንገድ 300 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቀጭን ግግርን ለማላቀቅ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ግራም፣ ሁኔታው ሲከፋም እስከ 40 ግራም ጨው ስለሚበተን፣ ይህ መንገድ በአንድ ዙር የሚፈልገው ከ3 እስከ 12 ኪሎ ግራም ጨው ብቻ ነው። አሸዋ ከሆነ በካሬ ሜትር 150 ግራም ያህል እንደሚያስፈልግ ቢታሰብ መጠኑ ወደ 45 ኪሎ ግራም ከፍ ይላል፤ ይህም ቢሆን 30 ሊትር የማይሞላ ቦታ ነው የሚይዘው። ይህን ስሌት ሳይሠራ 400 ሊትር የሚይዝ ቋት የገዛ ሰው፣ የተረፈው ጨው እርጥበት እየሳበ ቋቱ ውስጥ ሲጋገርበት ይከርማል። ትልቅ ቋት ትርጉም የሚኖረው በአንድ ሌሊት በርካታ ግቢዎችን ለሚያዳርስ ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመዘገበው የመንገዱ ወለል ነው። አስፋልት ጨውን ይችላል። ከተሠራ አንድ ዓመት ያልሞላው ኮንክሪት ግን ጨው ባይነካው ይመረጣል፤ የቀለጠው ውኃ ወደ ውስጥ እየሰረገ ደጋግሞ ሲረጋና ሲቀልጥ የላይኛው ገጽ እየተላጠ ይነሣል። ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ ላይ ጨው መበተን መንገዱን ወደ ጭቃ መለወጥ ስለሆነ እዚያ የሚሠራው አሸዋ ወይም የተፈጨ ድንጋይ ነው። ውኃ እንዲያሰርግ ተብሎ ክፍተት ተትቶ የተነጠፈ ንጣፍ ካለ ደግሞ፣ ደቃቅ አሸዋ ክፍተቶቹን ስለሚደፍን ታጥቦ የተነፋ፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ይሻላል። በመጨረሻም በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ይመልከቱ። የአትክልት ረድፍ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የቆመ መኪና ወይም የብረት አጥር ካለ ርቆ የሚበትን መሣሪያ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት ይሆናል።

2. ጨው ወይስ አሸዋ?

የተቀሩት ውሳኔዎች ሁሉ የሚንጠለጠሉት በዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስዶ ማሰብ ይገባል። ተራ ጨው ግግሩን የሚያቀልጠው ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ከንጹሕ ውኃ ይልቅ በዝቅተኛ ሙቀት የሚረጋ ጨዋማ ፈሳሽ በመፍጠር ነው። የጨው መጠኑ 23 በመቶ ገደማ የደረሰ ፈሳሽ እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከዜሮ በታች ድረስ ላይረጋ ቢችልም፣ በተግባር ግን የመንገዱ ወለል ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማቅለጡ እጅግ ስለሚዘገይ መበተኑ ብዙም አያዋጣም። እዚህ ላይ የሚቆጠረው የአየሩ ሳይሆን የወለሉ ሙቀት መሆኑን ልብ ይሏል። ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ከዚህም በባሰ ቅዝቃዜ ይሠራሉ። ሁለቱም ግን ከአየር እርጥበት ስለሚስቡ ቋት ውስጥ ካደሩ ይረጥባሉ፣ ይጣበቃሉ፤ የሚበተኑም በዕለቱ ተሞልተው በዕለቱ ባዶ በሚደረግ መሣሪያ ብቻ ነው።

አሸዋ ምንም አያቀልጥም፤ ሥራው ጎማና ጫማ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ቅዝቃዜው ምንም ያህል ቢበረታ አገልግሎቱን አያቋርጥም፣ ነገር ግን አዲስ በረዶ ከወደቀበት ተቀብሮ ስለሚቀር እንደገና መበተን አለበት፤ በረዶው ሲያልፍም ተጠርጎ መነሣቱ አይቀርም። ብዙዎች ጨውና አሸዋን እኩል አደባልቀው ይበትናሉ። እኔ ይህን አልደግፍም፤ ጨው ግግሩን ሲያቀልጠው አሸዋው በውኃው ውስጥ ይሰምጥና መያዝ ያቆማል፣ ጨውም በአሸዋው ተበርዞ ከሚገባው በታች ይደርሳል። በአሸዋ ክምር ላይ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ጨው መጨመር ግን ጠቃሚ ነው፤ ዓላማው መንገዱን ማቅለጥ ሳይሆን ክምሩ ራሱ እንዳይረጋ መጠበቅ ነው።

ከመሣሪያው አንጻር ዋናው ልዩነት ግን አወራረዳቸው ነው። ደረቅ ጨው በሾጣጣ ቋት ውስጥ እንደ እህል እየተንሸራተተ በራሱ ክብደት ይወርዳል። እርጥብ አሸዋ እንዲህ አያደርግም፤ ከመውጫው በላይ ቅስት ሠርቶ ይቆማል፣ ከሥሩ ባዶ ይሆናል፣ ማሽኑም ምንም ሳይበትን ይሽከረከራል። ለማዳበሪያና ለዘር ተብለው የተሠሩ ርካሽ ቋቶች ከጨው ጋር እንደምንም ሲሠሩ ከአሸዋ ጋር የሚከሽፉት በዚህ ምክንያት ነው። የአሸዋዎን ባሕርይ ለማወቅ አንድ እፍኝ ዘግነው ይጨብጡትና እጅዎን ይክፈቱ፤ ወዲያው ከፈረሰ በራሱ ክብደት ሊወርድ ይችላል፣ የጣቶችዎን ቅርጽ ይዞ ከቆመ ግን ማማሰያ ወይም ጠመዝማዛ ገፊ ዘንግ የሌለው መሣሪያ አያወርደውም።

3. የመበተኛውን ዓይነት መወሰን

ለትራክተር የሚቀርቡት መሣሪያዎች በአበታተናቸው ሁለት ዋና ቤተሰብ አላቸው። የመጀመሪያው ከቋቱ ሥር በሚሽከረከር ሳህን ቁሱን ወደ ዙሪያው የሚወረውር ነው። ዋጋው አነስተኛ፣ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ሥራው ፈጣን ነው፤ ሰፊ ሜዳና የመኪና ማቆሚያ ላይ አቻ የለውም። በ3 ሜትር መንገድ ላይ ግን 8 ሜትር የሚወረውር ሳህን ከሚበትነው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሣሩ ላይ ይጥለዋል። ይህን ዓይነት ለመግዛት ከወሰኑ ሦስት ነገሮች መኖራቸውን ያረጋግጡ፦ የሳህኑን ፍጥነት መቀነሻ፣ በግራና በቀኝ የሚስተካከል የጎን መከለያ፣ እንዲሁም ቁሱ ሳህኑ ላይ የሚያርፍበትን ነጥብ ማዛወሪያ። የመጨረሻው እምብዛም አይጠየቅም። ሳህኑ የሚሽከረከረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ የማረፊያው ነጥብ ካልተስተካከለ አንዱ ጎን ወፍራም፣ ሌላው ጎን ስስ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ቁሱን ሳይወረውር በቀጥታ ወደ ታች የሚጥለው ረጅም ሣጥን ነው። ከሣጥኑ ወለል ላይ ጥርስ ያለው ተሽከርካሪ ዘንግ ወይም ጥቅል አለ፤ እሱም ቁሱን እየቆነጠረ በሣጥኑ ስፋት ልክ ያወርዳል። ስፋቱ ለአነስተኛ ትራክተር ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ስለሆነ 3 ሜትር መንገድ ሁለት ምልልስ ይፈልጋል፣ ነገር ግን የሚባክን ነገር የለም፣ የቆመ መኪናም አይመታም። ዘንጉ ቁሱን በኃይል ስለሚያወርደው እርጥብ አሸዋን የሚደፍረው ይህ ዓይነት ነው። ድክመቱ ድንጋይ ነው፤ አሸዋው ውስጥ የተደበቀ አንድ ጠጠር ዘንጉን ሊያስቆመው ስለሚችል፣ ከቋቱ አፍ ላይ የብረት ወንፊት፣ በማስተላለፊያው ላይ ደግሞ ጫና ሲበዛ ራሱ ተቆርጦ ሌላውን የሚያድን ቡሎን መኖር አለበት። ከ4 ሜትር ለማይሰፋና በዋናነት አሸዋ ለሚበተንበት መንገድ እኔ ያለ ማመንታት ይህን እመርጣለሁ።

አሸዋውን ራሱ የሚዝቀው መሣሪያ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ወደ ክምሩ ወደ ኋላ ተነድቶ ይጎርስና ቀና ብሎ ይበትናል። ሎደር (ከትራክተሩ ፊት የሚገጠም መዛቂያ) ለሌለው ሰው የአካፋን ድካም ያስቀራል። ሆኖም ዝናብ የማይነካው የአሸዋ ክምርና ጠንካራ የኋላ ማንሻ ይጠይቃል፣ በከረጢት ለሚገዛ ጨውም አይመችም።

4. የኃይል ምንጩ

ከትራክተሩ የኃይል ማውጫ ዘንግ የሚሠራው መሣሪያ ጉልበት አያጥረውም። መደበኛው ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር ሲሆን፣ የተለመደው የዘንግ ጫፍ 35 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ስድስት ጥርስ አለው። ችግሩ የሳህኑ ፍጥነት ከሞተሩ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው፤ በጠባብ ቦታ የሚበተንበትን ስፋት ለማጥበብ የሞተሩን ዙር መቀነስ ግድ ይሆናል፣ ዙሩ ሲቀንስ ደግሞ ትራክተሩም አብሮ ያዘግማል። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ የመውጫው በር ከመቀመጫ ሳይነሡ በማንሻ ወይም በገመድ የሚዘጋ መሆኑ የግድ ነው፤ አለዚያ ትራክተሩ በቆመ ቁጥር የጨው ክምር ይተዋል። ማገናኛው ዘንግ የመከላከያ ሽፋኑ የተሟላ መሆኑንና መሣሪያው ከታች እስከ ላይ ሲነሣ ዘንጉ እንዳይገፋ ወይም እንዳይላቀቅ ርዝመቱ መመጠኑን ሳያረጋግጡ አያስነሡት።

ሃይድሮሊክ ይህን ችግር ይፈታል፤ ፍሰቱን በቫልቭ በመቆጣጠር የሞተሩ ፍጥነት ምንም ይሁን ምን የመበተኛውን ፍጥነት ማስተካከል ይቻላል። የሚያስፈልገው ከኋላ ነጻ የዘይት መውጫ መኖሩንና ትራክተሩ በደቂቃ የሚሰጠው ሊትር መሣሪያው ከሚጠይቀው አለማነሱን ከሁለቱም መመሪያ መጽሐፍ ማነጻጸር ነው። በብርዱ የወፈረ ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚፈስ መበተን ከመጀመር በፊት ሞተሩን ማሞቅ ያሻል።

የኤሌክትሪኩ ዓይነት ለመግጠም ቀላል ስለሆነ ይወደዳል። ነገር ግን 300 ዋት የሚወስድ ሞተር በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 25 አምፔር ይስባል፣ ሲነሣና ሲታነቅ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ የአነስተኛ ትራክተር ዲናሞ ደግሞ በሌሊት መብራቶቹንም አብሮ ይሸከማል። ሽቦው ከሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ሳይሆን በቂ ውፍረት ኖሮት በቀጥታ ከባትሪው ይሳብ፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ከዚህ ሌላ በራሱ ጎማ እየተነዳ የሚበትን ተጎታች አለ፤ ፍጥነት ሲጨምር የሚያወርደውን ይጨምራል፣ ሲቆም ያቆማል፣ ግግር ላይ ጎማው ሲንሸራተት ግን መበተኑን ይተዋል።

5. ክብደትና መያያዣ

ባለሦስት ነጥብ ማያያዣ፣ ማለትም ከትራክተሩ ኋላ መሣሪያውን የሚይዙት ሁለት የታችኛና አንድ የላይኛ ክንዶች፣ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በምድብ 1 የታችኞቹ ክንዶች ፒን 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በምድብ 2 እነዚህ ወደ 28 እና 25 ሚሊ ሜትር ያድጋሉ። አብዛኞቹ አነስተኛ ትራክተሮች ምድብ 1 ናቸው።

ከዚህ የሚከብደው የክብደት ስሌት ነው። አንድ ሊትር ጨው 1.2 ኪሎ፣ ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ፣ እርጥብ አሸዋ ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 200 ሊትር የሚይዝ ቋት በጨው ሲሞላ 240፣ በእርጥብ አሸዋ ሲሞላ ግን እስከ 400 ኪሎ ግራም ይጭናል፤ የመሣሪያው የራሱ ክብደት በዚህ ላይ ይደመራል። ሻጩ የሚነግርዎት የቋቱን ሊትር ነው፣ ትራክተሩ የሚሸከመው ግን ኪሎውን ነው። የትራክተሩ የማንሳት አቅም ሲነበብም የተለካው ከክንዶቹ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ከጫፉ 610 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ላይ የሚለውን ይጠይቁ፤ የቋቱ መሐል ከክንዶቹ ጫፍ ራቅ ብሎ ስለሚውል ለእርስዎ የሚጠቅመው ሁለተኛውና አነስተኛው ቁጥር ነው።

ማንሻው ቻለው ማለት ትራክተሩ ቻለው ማለት አይደለም። ከኋላ የተጫነው ክብደት የፊት ጎማዎችን ወደ ላይ ያቀላቸዋል፣ ግግር ላይ ደግሞ ቀለል ያለ የፊት ጎማ አይታዘዝም። መሣሪያው ተሞልቶ ሳለ የፊት ጎማዎቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከትራክተሩ ባዶ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶ መሆን ይገባዋል፤ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛን ላይ አቁሞ ማወቅ ይቻላል። ከጎደለ ከፊት ክብደት ማሰር ወይም ቋቱን አጉድሎ መሙላት ነው። የበረዶ መግፊያው ከፊት ከተገጠመ ይህ ችግር ይቃለላል። መግፊያው ወይም በረዶ መትፊያው ከኋላ ከሆነ ግን መበተኛው ሌላ ቦታ የለውም፤ በየዙሩ መሣሪያ መፍታትና መግጠም በብርድ ሌሊት የሚታሰብ አይደለምና ከግዢ በፊት መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው።

6. የተሠራበት ቁስ

ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ለጨው አይሆንም፤ ቀለሙ በተጫረበት ሁሉ ዝገት ይገባል። የፕላስቲክ ቋት አይዝግም፣ ቁሱም አይጣበቅበትም። በዚንክ የተለበጠ ብረት መካከለኛ ምርጫ ሲሆን የማይዝገው ብረት ውድም ዘላቂም ነው። ዓይንዎን ግን ከቋቱ ይልቅ ከሥሩ ባለው ላይ ያሳርፉ፤ ቶሎ የሚሞቱት ኩሽኔታዎቹ፣ ሰንሰለቱ፣ የበሩ መንሸራተቻና ቡሎኖቹ ናቸው። ኩሽኔታዎቹ የግራሶ መግቢያ ካላቸው፣ መለዋወጫቸውም በተለመደ ልክ የሚገኝ ከሆነ የቋቱ ፕላስቲክ መሆን አያሳስብም።

ገንዘቡን ከመክፈል በፊት የራስዎን አሸዋ በባልዲ ይዘው ይሂዱና መሣሪያው ላይ ያስሞክሩት። በሩን አንድ ጣት ያህል ከፍተው ቁሱ ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ይወርድ እንደሆነ ይመልከቱ። በትንሽ ክፍተት የማያወርድ መሣሪያ በትልቅ ክፍተት ብቻ ይሠራል፣ ትርጉሙም ሁልጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይበትናል ማለት ነው።

7. መጠኑን ማስተካከል

ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ በረዶ ሳይወርድ መጠኑን ማስተካከል ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትራክተር በሰከንድ 1.4 ሜትር ይጓዛል፤ 3 ሜትር ስፋት ከበተነ በሰከንድ 4.2 ካሬ ሜትር ያዳርሳል። በካሬ ሜትር 20 ግራም ጨው ከተፈለገ በ30 ሰከንድ ውስጥ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል መውረድ አለበት። መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ሸራ ከሥሩና ከዙሪያው ያንጥፉ፣ ርቀው ቆመው በሥራ ፍጥነት ለ30 ሰከንድ ያስኪዱት፣ ያጥፉትና የወረደውን ይመዝኑ። ከበዛ በሩን ያጥብቡ፣ ካነሰ ያስፉ፣ ትክክለኛውን ቦታ በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። አሸዋ በካሬ ሜትር 150 ግራም ሲበተን በዚያው 30 ሰከንድ 19 ኪሎ ያህል ስለሚወርድ ሁለተኛ ምልክት ይፈልጋል። መውረጃው ሲደፈን እጅ ወደ ቋት መስደድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ከዚያ በእንጨት ይነካካ።

በአጠቃቀም ረገድ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መበተኛው ከኋላ ስለሆነ ትራክተሩ ወደ ፊት ሲሄድ የሚረግጠው ያልታከመውን ግግር ነው። ዳገት ባለበት መንገድ፣ ከታች ወደ ላይ ሲወጡ ትራክተሩን አዙሮ ወደ ኋላ እየነዱ መበተን ጎማዎቹ አሁን በወረደው አሸዋ ላይ እንዲያርፉ ያደርጋል። ይህ የሚሆነው በሣጥኑ ዓይነት ነው፤ ሳህኑ ራሱ የትራክተሩን ጀርባ በጨው ስለሚደበድብ ወደ ኋላ ሲነዳ የፊት መከለያው መዘጋት አለበት። ሰንሰለት ያልታሰረበት ጎማ ይዞ ቁልቁለት ላይ የተሞላ ቋት ማንቀሳቀስ አይመከርም።

ሥራው ሲያልቅ ቋቱ ባዶ ይደረግ፣ በሩና ሳህኑ በለብ ያለ ውኃ ይታጠቡ፣ ከደረቀ በኋላ ግራሶ ይሰጠው፣ የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹም ይቀቡ። የኋላ ማንሻው ክንዶችና የኃይል ማውጫው ዘንግ ጫፍ ጨው ስለሚያርፍባቸው ከመሣሪያው ጋር አብረው ይታጠቡ።